በሁለቱም ጆሮ ጤናማ

ውድ ቀጭኔ፣

ይህን ደብዳቤ እህትሽ እንድታነብልሽ አልፈልግም። ቀኝ ዓይንሽ ሳይደክም፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠሽ ራስሽ አንብቢው። ፊደሎቹን ሆን ብዬ ተለቅ ተለቅ አድርጌ ነው የጻፍኳቸው። መሃል ላይ ብትናደጂ አስቀምጪው፤ ሲበርድልሽ ግን ተመልሰሽ እስከ መጨረሻው ድረሺ። ፖስታው ውስጥ ሌላ አንድ ወረቀት አለ። እሱን በኋላ ታዪዋለሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቅሽ መጥቼ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ መሄዴ ሳይገርምሽ አልቀረም። ሥራ አለብኝ አልኩሽ። ምንም ሥራ አልነበረብኝም። ደረጃውን ወርጄ ከሕንጻው ጀርባ፣ ጎረቤቶችሽ ልብስ የሚያሰጡበት ቦታ፣ እርጥብ አንሶላ ተከልዬ አለቀስኩ። አንዲት ሴትዮ መጥታ አንሶላዋን ስታነሳ ነው የሄድኩት። ያስለቀሰኝ የፊትሽ ነገር መስሎሽ ከሆነ አይደለም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከዚያ የባሰ ፊት አይቻለሁ። ያስለቀሰኝ የተናገርሽው ቃል ነው። ለምን እንደሆነ ለመንገር ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መነሳት አለብኝ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። አንቺ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሟ፣ እኔ ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ። ቀጭኔ ያልኩሽ እኔ፣ ድንቢጥ ያልሽኝ አንቺ፤ ትንሽ ቆይቶ መምህራኑ ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሩን ጀመር። ስናወራ አንቺ ታጎነብሻለሽ፣ እኔ አንጋጥጣለሁ፤ «የዚህ ጓደኝነት ትርፉ የአንገት ሕመም ነው» ትዪ ነበር።

ያን ሳምንት የዓይንና የጆሮ ምርመራ ነበር የምንማረው። መምህራችንን ታስታውሻቸዋለሽ፤ አንዱን መነጽር አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ሌላውን አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ «አራት ዓይን» ያልናቸው ሲስተር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ ይሉን ነበር፤ ሰው መስማት ማቆሙን ራሱ የሚያውቀው ከሌላው ሁሉ በኋላ ነው፣ ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ እወቁለት። እኔ ይህን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር። ደብተሩ እስከ ዛሬ አለ።

ከፈተናው አንድ ቀን በፊት ምን እንደደረሰብኝም አትረሺውም። የአንዷን ተማሪ ጆሮ በመብራት መሣሪያው አየሁና የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። ሲስተር መጥተው አዩና ቀዳዳ ብዬ የጠቆምኩት የራሴ መብራት ታምቡሩ ላይ ሲያበራ መሆኑን በተማሪው ሁሉ ፊት ነገሩኝ። «ያየችውን የማትናገር ነርስ መጥፎ ናት፤ ያላየችውን የምትናገር ግን ከሷም ትብሳለች» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ማታ ድረስ «ነቢይት» እያሉ ሲጠሩኝ ዋሉ። አንቺም ሳቅሽ፤ ግን ከሳቅሽ በኋላ ከረሜላ ሰጠሽኝ።

በማግስቱ ፈተናው ላይ ሁለታችንን አንድ ላይ መደቡን። መጀመሪያ አንቺ እኔን መረመርሽኝ፤ ቀጥሎ ተራው የኔ ሆነ። ቁመትሽ አላደርስ ስላለኝ የሕጻናት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩሽ፤ ጉልበትሽ አገጭሽ ጋ ደረሰ። በዓይንሽ ጀመርኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ እስከ ታች አነበብሽልኝ፤ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ሳይቀር። የዓይንሽን ብሌን በመብራት አየሁ፤ ሁለቱም እኩል ጠበቡ። ከዚያ ጣቴን በዓይንሽ ብቻ እንድትከተዪ ነግሬሽ ወደ ግራ ወሰድኩት። ጥግ ሲደርስ ዓይንሽ አልረጋም አለ። ትንሽ ይርገበገብ ነበር። ደክሟት ነው አልኩ።

ወደ ጆሮ ሄድኩ። ከኋላሽ ቆሜ አንዱን ጆሮሽን በጣትሽ አስደፍኜ ቁጥር ማንሾካሾክ ነበረብኝ። በቀኝ፣ ስምንት ሦስት ዘጠኝ አልኩ፤ ሳትሳሳቺ መለስሽልኝ። በግራ፣ አምስት ሰባት ሁለት አልኩ።

ዝም አልሽ። ጥቂት ቆየሽና «ጀመርሽ እንዴ?» አልሽኝ።

ደገምኩት። አሁንም ዝም። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ከሦስቱ አንዱን አገኘሽ፤ እሱንም ገምተሽ ይመስለኛል። ከዚያ ሲመታ እዝዝ የሚለውን ሹካ መሳይ ብረት አንስቼ ግንባርሽ መሃል ላይ አቆምኩት። ጤነኛ ሰው ድምፁን በሁለቱም ጆሮው እኩል ይሰማዋል። «በየት በኩል ይሰማሻል?» ብዬ ጠየቅኩሽ። በቀኝ አልሽኝ። ብረቱን እንደገና መትቼ መለስኩት። «በቀኝ ነዋ» አልሽና ቀና ብለሽ አየሽኝ፤ «መልሱ ቀኝ አይደለም እንዴ?» ፈተናው የአንቺ መስሎሽ ነበር።

ያን ጊዜ ሲስተር አራት ዓይን ከኛ ሁለት ጠረጴዛ እልፍ ብለው ነበር፤ የጫማቸው ድምፅ ይሰማኛል። እጄ ላይ ቅጹ አለ። የጆሮ ምርመራ ይላል፤ ቀኝ፣ ግራ፣ የተገኘ ችግር። እኔ የታየኝ የትናንቱ ሳቅ ነው። ግራ ጆሮዋ አይሰማም ብዬ ብጽፍና ሲስተር ደግመው ሲያዩሽ ደህና ሆነሽ ብትገኚስ? ደግሞ ነቢይት ልባል ነው? ምናልባት ያንሾካሾክኩት አንሶ ይሆናል፣ ምናልባት ብረቱን አጥምሜ ይዤው ይሆናል አልኩ። እና ጻፍኩ፦ «በሁለቱም ጆሮ ጤናማ።» ሲስተር መጥተው ያልተለመደ ነገር አግኝቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ፈረሙበት። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አገኘሁ፤ አንቺ አሥራ ስምንት። በአንድ ነጥብ በለጥሽኝ ብለሽ ሙሉ ቀን አኮረፍሽኝ።

ይኸው ነው፣ ቀጭኔ። አንቺ አልለመንሽኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። አይቼ ነው የዋሸሁት። ነገ ጸጥ ያለ ቦታ ወስጄ ደግሜ አያታለሁ ብዬ ነበር። ያ ነገ የደረሰው ዛሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያላየሁት ነገር የለም። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ ዞረሽ በግራዬ ትሆኛለሽ፤ እኔ በቀኝሽ እንድሆን። ስልክ በግራ ጆሮሽ ይዘሽ አይቼሽ አላውቅም። በቀኝ ጎንሽ የተኛሽ ለት የመቀስቀሻው ደወል አያነቃሽም፤ ልጆቹ «ቀጭኔ ከተኛች ቤት ቢፈርስም አትሰማ» ብለው ይስቃሉ፣ አንቺም ከነሱ ጋር ትስቂያለሽ። እንቅልፌ ከባድ ነው እያልሽ ለእናትሽ ሳይቀር ተናግረሻል። እኔ ግን ትራሱ ላይ ያለው የትኛው ጆሮ እንደሆነ አያለሁ። ባየሁ ቁጥር ደግሞ መናገሩ ይበልጥ ይከብደኝ ነበር። ዛሬ ብናገር፣ ትናንት ለምን ዝም አልሽ ይመጣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ውሸት ነው። የኔ አፍ ውስጥ ዝንቡ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ።

ተመርቀን አንድ ሆስፒታል ስንመደብ የተቃቀፍነውን አስታውሳለሁ። የወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል። ሽማግሌዎቹ ይወዱሽ ነበር። እኔ መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣቸዋለሁ፤ አንቺ ግን ታሪካቸውን ትሰሚያለሽ፣ በቀኝ ጆሮሽ፣ አንገትሽን ወደነሱ ሰበር አድርገሽ። እነሱ ያን አክብሮት ይሉት ነበር። አራተኛው አልጋ ላይ የነበሩትን ልብስ ሰፊ አባትማ ማን ይረሳል። የደንብ ልብስሽ እጅጌ አጥሯል፣ ድኜ እንደወጣሁ አስረዝምልሻለሁ እያሉ በክንዳቸው ይለኩሽ ነበር።

አሁን የምጽፈው ከሁሉ የከፋውን ነው።

ያን ቀን የጠያቂዎች ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶ ነበር። አንቺ የአምስተኛውን አልጋ በሽተኛ ቁስል ታጥቢያለሽ፤ ፊትሽ ወደሱ፣ ልብስ ሰፊው በግራሽ፣ አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ከክፍሉ ጫፍ ጠረጴዛዬ ላይ የሙቀት ሰንጠረዥ እሞላለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ከሆንኩ ገና ሦስተኛ ወር ነበር። «ልጄ፣ ሽንት ቤት ልሄድ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ቀና አልኩ። በግራሽ እንደሆኑ አየሁ። ቀጭኔ አጠገባቸው ናት ብዬ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ሁለተኛ ጠሩሽ። የምሞላት አንዲት መስመር ቀርታኝ ነበርና ልጨርሳት አልኩ። ሦስተኛ ሲጠሩሽ ተነሳሁ፤ እሳቸውም ተነስተዋል። እኔ ሳልደርስ ወደቁ። የዳሌያቸው አጥንት ሲሰበር ከዚያ ሆኜ ሰማሁት። አንቺ ዘወር ያልሽው አምስተኛው አልጋ ላይ ያለው ሰውዬ ክንድሽን ሲነካሽ ነው።

ልጃቸው ከሰሰችሽ። አባቴ ሦስት ጊዜ ጠርቷት አንገቷን እንኳ አላዞረችም አለች፤ ያየችውን ነው የተናገረችው፣ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ለምርመራ ስትቀርቢ እኔም ተጠራሁ። ሜትሮኗ፣ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከግራና ከቀኝ። አልሰማሁም አልሽ። ከአንድ እርምጃ እንዴት አይሰማም አሉሽ። አንቺም አላውቅም፣ ሐሳብ ወስዶኝ ይሆናል አልሽ። ጆሮሽን ያምሻል ወይ ሲሉሽ፣ ኧረ ደህና ነኝ አልሽ። እውነትሽን ነው፣ ደህና የሆንሽ ይመስልሽ ነበር። ሰው ሁሉ እንዳንቺ የሚሰማ ነበር የሚመስልሽ።

ሜትሮኗ ማኅደርሽን ገለጡ። ትምህርት ቤቱ የዚያን የፈተና ቅጽ እንደ ጤና ምርመራ ቆጥሮ ማኅደራችን ውስጥ እንዳስቀመጠው እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ወረቀቱን አወጡና አነበቡት፦ «በሁለቱም ጆሮ ጤናማ።» የኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ አብራት የምትውዪ አንቺ ነሽ፣ የመስማት ችግር አይተሽባት ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

አንቺ ምን አደረግሽ? አመሰገንሽኝ። በዓይንሽ። ጓደኛዬ ስሜን ጠበቀችልኝ ብለሽ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡሽ፤ ግድ የለሽነት የሚል ቃል ያለበት። ከበሽተኛ አንስተውሽ ምድር ቤት ወዳለው የመሣሪያ መቀቀያ ክፍል አወረዱሽ። ልብስ ሰፊው ዳግመኛ አልቆሙም። በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ገላቸውን ታጥቢያቸው እንደነበር ለማንም አልነገርሽም፤ እኔ የሰማሁት ከልጃቸው ነው፣ ይቅር ካለችሽ በኋላ። በወደቁ በዓመታቸው ሲሞቱ ጥቁር ለበስሽ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አልሽኝ፣ ምድር ቤት፣ እንፋሎቱ መሃል፣ መቀስ እየቆጠርሽ። እኔም እንዲህ አትበይ አልኩሽ። ሌላ ያልኩሽ የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልግሽ፤ እሱም እኔ ጋ ነበር።

ምድር ቤት ስድስት ዓመት ልትደፍኚ ጥቂት ሲቀርሽ አካሄድሽ ይበላሽ ጀመር። ግድግዳ እየዳበስሽ ትሄጃለሽ። መጠጥ ጀምራለች ተባለ፤ በሰውዬው ሞት ምክንያት፣ እያሉ አዘኑልሽም። አንድ ቀን ሰላም ስልሽ ከወትሮው ይልቅ ተጠጋሁሽ። አፍሽን ላሸት ነበር። የሳሙና ሽታ ብቻ ነው የነበረው። ያፈርኩበትን ነገር ሁሉ ልንገርሽ ብዬ ስለተነሳሁ ነው ይህንንም የምጽፈው። አንቺ ደም ማነስ ሳይሆን አይቀርም ብለሽ እስቲ ዓይኔን እዪልኝ አልሽኝ። አጎነበስሽልኝ፤ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጌ አየሁ። ቀይ ነው፣ ደም ሙሉ ነው። ደም ማነስ እንዳልሆነ አወቅኩ፤ ምን ሊሆን እንደሚችልም ጠረጠርኩ። «ለማንኛውም ሐኪም ታዪ» አልኩሽ። ለማንኛውም። ነገሩን እንደ ቀጭን ሻይ አቅጥኜ ሰጠሁሽ፤ አንቺም እንደ ቀጭን ሻይ ጠጥተሽ ረሳሽው።

ስምንት ወር ቆይቶ ደረጃ ላይ ወደቅሽ። ጭንቅላትሽ በፎቶ ሲታይ፣ ከግራ ጆሮሽ ጀርባ፣ የመስሚያው ነርቭ ላይ የበቀለ እጢ ተገኘ፤ ክፉ ነቀርሳ አይደለም፣ ግን የእንቁላል አስኳል ያህላል። ሲያወጡት የፊትሽ ነርቭ አብሮ ተጎዳ። ግማሽ ፊትሽ ወረደ፣ ግራ ዓይንሽ አልከደን አለ።

ቀዶ ሕክምናውን የሠራውን ሐኪም ለብቻው አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። ስለ ሌላ ሰው የምጠይቅ አስመስዬ። እንዲህ ያለው እጢ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ አሥር ዓመትም ከዚያ በላይም አለ። በዚያን ጊዜ ተገኝቶ ቢሆንስ አልኩት። ጆሮው ላይተርፍ ይችል ነበር አለኝ፤ ፊትና ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ይህንንም ደብቄሽ ዓመት ሞላኝ። ድካሟ ይለፍ፣ ስትጠነክር እነግራታለሁ እያልኩ። የኔ ምክንያት መቼ ያልቃል።

ያለፈው ቅዳሜ እህትሽ በሩን ከፈተችልኝ። አንቺ መስኮቱ ጋ ተቀምጠሽ ነበር። የዓይንሽን ቅባት እንዳደርግልሽ ጠየቅሽኝ፤ እህትሽ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያንቺ እጅ ይሻለኛል አልሽ። ቅባቱን ጨምቄ፣ ቆቡን በጣቴ ከድኜ፣ በፕላስተር አሸግኩልሽ። ከዚያ ስለ ልብስ ሰፊው አነሳሽ፤ በሕልምሽ እንደመጡ፣ እጅጌሽን እንደለኩሽ። እኔ የሆነ ነገር ለመናገር አፌን ስከፍት ቀደምሽኝ።

«የሳቸውን መውደቅ እንኳ በዚህ በሽታ ላሳብብ አልችልም» አልሽኝ፤ «ያኔ ጆሮዬ ጤነኛ ነበር። ራስሽ አይደለሽ የመረመርሽኝ? ችግር ብታዪ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር።»

ይህን ነው ያልሽው። እያጽናናሽኝ ነው ያልሽው፤ ፊቴ ጠቁሮ ስላየሽኝ። እኔም የሻዩን ብርጭቆ አስቀምጬ ተነሳሁ።

ስለዚህ አሁን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የምርመራውን ውጤት ልንገርሽ። ግራ ጆሮሽ በሃያ ዓመትሽም አይሰማም ነበር። ልብስ ሰፊው የጠሩሽ በዚያ በኩል ነው። ሐሳብ አልወሰደሽም። ግድ የለሽ አልነበርሽም፤ ሆነሽም አታውቂም። ሦስቱንም ጥሪ የሰማሁት እኔ ነኝ። በሳቸው መውደቅ ከሰባት ዓመት በላይ የተሸከምሽው የኔን ሸክም ነው። አውርጂው።

ሌላም አለ። ቅዳሜ ዓይንሽን ሳይ፣ እንዴት ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ ደህና ነው አልኩሽ። ደህና አልነበረም። ጥቁሩ ላይ፣ ከታች በኩል፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ አይቻለሁ። ዓይን ሲደርቅ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ከአንሶላው ጀርባ ቆሜ ሳለቅስ፣ ይህንንም ልደብቅ ነው ወይ አልኩ ለራሴ። በዚያው ተመልሼ ደረጃውን ወጣሁና እህትሽን በር ላይ ጠርቼ ነገርኳት። እሑድ ጠዋት ሐኪም ቤት የወሰደችሽ ለዚህ ነው። የተለመደ ቀጠሮ ነው እንድትልሽ የመከርኳት እኔ ነኝ፤ እንዳትደነግጪ ብዬ፤ እሱም ውሸት ነው፣ የመጨረሻው ይሁን። ሐኪሙ አንድ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ዓይኑ ይጠፋ ነበር ብሏታል። አሁን በጊዜ ተደርሶበታል። ለአሥራ አምስት ቀን ታሽጎ ይቆያል፤ እባክሽ በራስሽ እጅ አትንኪው።

ሰኞ ሜትሮኗ ቢሮ ሄድኩ። ጡረታቸው ሁለት ወር ነው የቀረው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅጹን፣ ጥሪዎቹን፣ «አላየሁም» ያልኩትን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ ማኅደርሽን ራሳቸው ከመዝገብ ቤት አስመጥተው ያን ወረቀት ፊቴ ላይ አኖሩት። ይህ ያንቺ እጅ ነው ወይ አሉኝ። ነው አልኳቸው። «እንግዲህ እጅሽ የጻፈውን እጅሽ ይሰርዘው» አሉኝ። የምስክርነት ቃሌን እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩ፤ አራት ገጽ ሆነ። ፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት የዚያ መልስ ነው። ማስጠንቀቂያው ተሰርዟል። ግድ የለሽነት የሚለው ቃል ከስምሽ ጋር የትም የለም። ለልብስ ሰፊው ልጅም ግልባጭ ተልኮላታል፤ እኔም ራሴ ሄጄ አነጋግሬያታለሁ። ምን እንዳለችኝ ለኔ ይቅር።

እኔን ከክፍሉ ኃላፊነት አንስተውኛል። ጉዳዬ ገና ይታያል፤ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው። ከእንግዲህ ስለ አንቺ የማውቀውን ነገር ከአንቺ በፊት ማንም አያውቀውም።

ይቅር በይኝ ብዬ ልጨርስ ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ለወሰደ ነገር በአንድ ገጽ መልስ መጠየቅ ነውር ነው። አትቸኩዪ። ከፈለግሽም ጨርሶ አትመልሺልኝ።

ፕላስተሩ ግን በየቀኑ መቀየር አለበት፣ የእህትሽ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። ደወሉን አልደውልም፤ ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ፣ እህትሽ ትሰማለች። ልታናግሪኝ ካልፈለግሽ ፊትሽን ቀና አድርገሽ ዝም በይ፤ እኔም ዝም ብዬ ቀይሬልሽ እወጣለሁ። እህትሽን በሩን አትክፈቺላት ካልሻትም ደረጃው ላይ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ፣ በማግስቱም እንደገና እመጣለሁ። መምጣቴን እንዳቆም ከፈለግሽ ራስሽ ንገሪኝ። የምትዪኝን ሁሉ እሰማለሁ።

ድንቢጥ